ከርክክቡ ማግስት የሚመጣው ሒሳብ፦ ድርጅቶች የገጠር ትምህርት ቤትን እንዴት ይደግፉ?

በስጦታ የገባ ኮምፒውተር ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ ተቆልፎበት የሚኖረው ርእሰ መምህሩ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ዕቃው ሲገባ ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ከንብረት ክፍል ሲወጣ ደግሞ አንድ መምህር ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ደረሰኝ ይፈርምበታል። ከዚያች ፊርማ በኋላ ማውዝ ቢጠፋ፣ ስክሪን ቢሰነጠቅ ተጠያቂው እሱ ነው። ሃያ ኮምፒውተር በስሙ ያስመዘገበ መምህር ክፍሉን ለስድስት መቶ ልጅ ወለል አድርጎ ይከፍታል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ ከወረዳ እንግዳ ሲመጣ ይከፍታል፤ እንግዳው ሲሄድ መልሶ ይቆልፋል። ለጋሹ ድርጅት ግን በዓመታዊ ሪፖርቱ «20 ኮምፒውተር፣ 600 ተጠቃሚ» ብሎ ጽፏል።

እያንዳንዱ ስጦታ ሁለት ሒሳብ አለው። አንዱ ዕቃው የሚገዛበት ወይም ሕንፃው የሚሠራበት ነው። ሌላው ከርክክቡ ማግስት ጀምሮ ያ ነገር በሥራ ላይ እንዲቆይ በየወሩ የሚወጣው ነው። የመጀመሪያውን ድርጅቱ ይከፍላል፤ ጋዜጠኛ ይጠራል፤ ሪባን ይቆረጣል። ሁለተኛውን ማን እንደሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅ የለም። የገጠር ትምህርት ቤት ድጋፍ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚህ ላይ ነው።

ግዴታ ነው ወይስ በጎ ፈቃድ?

የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው፣ ድርጅት ትርፍ ከሚያገኝበት ማኅበረሰብ ጋር ያለውን ግንኙነት በሥራው ውስጥ አስገብቶ መምራቱ ነው። ሕንድ ይህንን በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የኩባንያዎች ሕግ የሒሳብ ቀመር አድርጋዋለች፤ የተወሰነ መጠን ላይ የደረሰ ኩባንያ ካለፉት 3 ዓመታት አማካይ የተጣራ ትርፉ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያወጣ ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሁሉም ነጋዴ የሚሠራ እንዲህ ያለ መቶኛ የለም። ማዕድን የሚያወጣ ባለፈቃድ በአካባቢው ልማት የመሳተፍ ግዴታ አለበት፤ ሌላው ግን በራሱ ውሳኔ ነው። በራስ ውሳኔ መሆኑ አንድ መዘዝ አለው፦ ሥራው በደንብ መሠራቱን የሚቆጣጠር ከድርጅቱ ውጭ ማንም የለም።

ትምህርት ቤት ሲመረጥ ርኅራኄ ብቻውን አይበቃም። በአርሲ የቢራ ገብስ የሚገዛ የብቅል ፋብሪካ፣ በይርጋ ጨፌ እሸት ቡና የሚያጥብ ላኪ፣ በሙገር ወይም በደጀን ሲሚንቶ የሚያመርት፣ በባቱ አበባ የሚያለማ፣ ሁሉም ለሥራቸው በየጊዜው የሚመላለሱበት ገጠር አላቸው። መኪናቸው በየሳምንቱ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለን ትምህርት ቤት መደገፍ፣ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ በዓመት አንዴ በልዩ ጉዞ የሚጎበኘውን ከመደገፍ በብዙ ይሻላል፤ ፓምፑ ሲበላሽ ወሬው በሳምንቱ ይደርሳቸዋላ። ደግሞ እዚያው የሥራቸው ጥላ አለ። ቡና አብቃይ ወረዳ ውስጥ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ወንበር ባዶ የሚሆነው ልጆቹ ለቀማ ላይ ስለሆኑ ነው። ቡናውን የሚገዛው ላኪ ደብተር ከማደሉ በፊት ለቡና ማጠቢያ ጣቢያው «በትምህርት ሰዓት በልጅ የተለቀመ ቡና አንቀበልም» የሚል ደንብ ቢያወጣና ቢያስከብር፣ ያለ አንድ ብር ወጪ ትልቅ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት

ትምህርት ቤት ሲሄዱ «ምን ይጎድላችኋል?» ብሎ መጠየቅ የሚያስገኘው መልስ የታወቀ ነው፦ ኮምፒውተር፣ ፎቶ ኮፒ፣ አጥር። ርእሰ መምህሩ የሚዘረዝረው ለጋሽ ይሰጣል ብሎ የሚገምተውን ነው። ከዚያ ይልቅ የትምህርት ቤቱን የማሻሻያ ዕቅድና ግለ ግምገማ ማየት ይሻላል። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት መማር ማስተማርን፣ ምቹ የመማሪያ አካባቢን፣ አመራርን እና የኅብረተሰብ ተሳትፎን የሚመለከት የሦስት ዓመት ዕቅድ፣ ከሥሩም ዓመታዊ ዕቅድ አለው። ከእሱ ጋር የኢንስፔክሽን ውጤት አለ፤ ከደረጃ 1 እስከ 4 ሆኖ፣ 3 እና ከዚያ በላይ ያገኘ መስፈርቱን አሟልቷል ይባላል። የኢንስፔክሽን ሪፖርቱ የትኛው መስፈርት እንደጎደለ በዝርዝር ያስቀምጣል። እነዚህን ሁለት ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው የግማሽ ቀን ስብሰባ ይተርፈዋል።

ሦስተኛው ቁጥር የትምህርት ቤቱ የራሱ ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤት ድጎማ (ብዙዎች «ስኩል ግራንት» ይሉታል) በ2001 ዓ.ም. በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ሲጀመር፣ ለአንደኛ ደረጃ የታችኛው እርከን ተማሪ በዓመት 50 ብር ገደማ ነበር። 600 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 30 ሺህ ብር አገኘ ማለት ነው፤ ለጠመኔ፣ ለወረቀት፣ ለጥገና፣ ለሁሉም። ድርጅቱ የሚሰጠው ነገር የሥራ ማስኬጃው ከዚህ ዓይነት ኪስ ይወጣል ተብሎ ከታሰበ፣ አይወጣም።

ከዚያ ማን ጋር ይቀመጣል? ከርእሰ መምህሩ፣ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) እና ከቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ጋር በአንድ ላይ። ቀጥሎ ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር። ቅደም ተከተሉ ተገላብጦ ከላይ ከተጀመረ፣ ወረዳው የሚመርጠው ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አስፋልት ዳር ያለውን ነው። እንግዳ ለማስጎብኘት ይመቻላ!

ክፍል መገንባት

ግንባታ የሁሉም ለጋሽ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ይታያል፣ ይቆጠራል። መጥፎ ምርጫም አይደለም፤ በጭቃና በእንጨት ተሠርቶ ምስጥ የጨረሰው ክፍል ብዙ ነው። ነገር ግን አዲስ ትምህርት ቤት ማቋቋምና በነባሩ ላይ ብሎክ መጨመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዲስ ከሆነ የመምህራን መደብና ደመወዝ ከወረዳው በጀት መውጣት አለበት። ወረዳው ይህንን በጽሑፍ ሳያረጋግጥ የተሠራ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ከብት ሲጠለልበት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

በገጠር የተለመደው ብሎክ አራት ክፍል ያለው ነው፤ አንዱ ክፍል 7 በ8 ሜትር ገደማ፣ ለ50 ተማሪ። ዋጋ ሲቀነስ የሚቀነሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ዓይን መጣል ይጠቅማል።

መሠረቱ ቀዳሚው ነው። አካባቢው መረሬ ከሆነ፣ ማለትም በክረምት የሚያብጥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ አፈሩ ተቆፍሮ ወጥቶ በምርጥ አፈር (ኮንትራክተሮች «ሰሌክት» በሚሉት) ተተክቶ በደንብ መጠቅጠቅ አለበት። ይህ ሥራ ከተዘለለ በሁለተኛው ዓመት ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ታች የሚሄድ ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል፤ ያንን ስንጥቅ በልስን መድፈን ለአንድ በጋ ብቻ ይሠራል። ቀጥሎ ጣሪያው። ቆርቆሮ በጌጅ ሲገዛ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይሳሳል፤ ባለ 28 ከባለ 32 ይወፍራል። ይህንን የማያውቅ ገዥ «32 ነው የገዛንላችሁ» ሲባል ደስ ይለዋል። ሳሳ ያለው ቆርቆሮ ምስማሩ በተመታበት ቀዳዳ ይሰፋና የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ይገልጠዋል።

ሦስተኛው ኮርኒስ ነው፤ የቅንጦት ዕቃ ይመስላልና መጀመሪያ ይሰረዛል። ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ክፍል ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ የመምህሩ ድምፅ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ትምህርቱ ይቆማል። ቆላ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ልጆቹን ያስተኛቸዋል። ከአራት ክፍል ያለ ኮርኒስ ሦስት ክፍል ከነኮርኒሱ እንመርጣለን።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ውሳኔው በመስከረም፣ ውሉ በጥቅምት፣ መሠረቱ ከታኅሣሥ በፊት፣ በልግ የሚዘንብበት አካባቢ ከሆነ ጣሪያው እስከ የካቲት መጨረሻ። በሚያዝያ የጀመረ ሰው ሲሚንቶውን በሐምሌ ጭቃ ሲያመላልስ ይከርማል፤ ብዙ ጊዜም አይደርስለትም፤ ሲኖትራኩ ከወንዙ ማዶ ይቆማል። ግጭት ባለበት አካባቢ ደግሞ ሕንፃን ማዘግየት፣ ከቦታ ቦታ ሊንቀሳቀስ የሚችለውን መጽሐፍና የመማሪያ ቁሳቁስ ማስቀደም ብልህነት ነው።

ዴስክ ከአዲስ አበባ ጭኖ መውሰድ አያስፈልግም። የወረዳ ከተማው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወይም በየከተማው ያለ ብየዳ ቤት ኮምባይንድ ዴስክ ይሠራል፤ ሲሰበርም እዚያው ይበየዳል። የሚረሳው ነገር የዴስኩ ቁመት ነው፦ የ1ኛ ክፍል ልጅና የ8ኛ ክፍል ልጅ በአንድ ቁመት ዴስክ አይቀመጡም። ቢያንስ በሁለት ቁመት ይታዘዝ።

ውኃና መጸዳጃ

እዚህ ላይ ስሌት ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት የትምህርት ቤት መመሪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መቀመጫና መሽኛ ይላል። 600 ተማሪ ግማሹ ሴት ከሆነ 12 ለሴቶች፣ 6 ለወንዶች ማለት ነው። በተግባር ሁለት ለዚህ፣ ሁለት ለዚያ ተሠርቶ «መጸዳጃ አለው» የሚባልበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው፤ ዕረፍት 15 ደቂቃ ነው፤ ሰልፉን መገመት አይከብድም። የሴቶቹ ከወንዶቹ ተለይቶ፣ በተለየ መንገድ የሚገባበት፣ ከውስጥ የሚቀረቀር መሆን አለበት። ከመካከላቸው አንዱ ሰፋ ብሎ ውኃና የቆሻሻ መጣያ ቢኖረው፣ የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ በወር ሦስት አራት ቀን ቤት አትውልም። መወርወሪያው ከውጭ ብቻ የተገጠመ በር አይተናል፤ በሥዕሉ ላይ ግን «በር ከነመወርወሪያው» ይላል።

ጉድጓዱ የአየር ማስወጫ ቱቦ ያለው ከሆነ ቱቦው ከጣሪያው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይለፍ፤ ጫፉ በዝንብ መረብ ይሸፈን። ዝንብ ከጉድጓዱ በቱቦው ወደ ብርሃን ትወጣና መረቡ ላይ ትቀራለች። መረቡ የተቀደደ ቱቦ ለዝንብ የተከፈተ በር ነው፤ ያ ጨርቅ መሳይ ነገር በየጊዜው መቀየር እንዳለበት ግን ማንም አይነግራቸውም።

የጣሪያ ውኃ ማሰባሰብ ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው፤ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት ደጋ፣ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ወደ 160 ሺህ ሊትር ይሰጣል። ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ አብዛኛው ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ መዝነቡ ነው። ያ ሁሉ ውኃ የሚቀመጥበት አንድ ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ ነው። 600 ልጅ እጁን ለመታጠብ ግማሽ ግማሽ ሊትር ቢጠቀም በቀን 300 ሊትር ነው፤ ሮቶው በ33 የትምህርት ቀን ያልቃል። ኅዳር ሳይጋመስ ቧንቧው ይደርቃል ማለት ነው። ስለዚህ ወይ የማጠራቀሚያው መጠን ይጨመር፣ ወይ ሮቶው ለመጸዳጃውና ለእጅ መታጠቢያው ማሟያ እንጂ ዋና የውኃ ምንጭ እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ይታመን።

የእጅ ፓምፕ ከሆነ ምርጫው አካባቢው ውስጥ መለዋወጫው የሚገኘው ዓይነት ነው። አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ይሠራል፤ የተነደፈውም የሠፈር ሰው በአንድ ቁልፍ ፈትቶ እንዲጠግነው ነው። የሚያልቁት ትንንሾቹ ጎማዎች ናቸው። የሁለት ዓመት ጎማና አንድ ቁልፍ በሣጥን አድርጎ፣ ሁለት ሰው አሠልጥኖ መሄድ ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ አይታይም፤ ያንን ባለማድረግ የተተወ ጉድጓድ ግን ከሩቅ ይታያል።

መጽሐፍ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ብቻ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣታቸው ሲታወቅ፣ ብዙ ድርጅት ለ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ትምህርት ገንዘብ መድቧል። የሚደነቅ ነው፤ ግን ጉድለቱ የሚጀምረው አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ2002 ዓ.ም. በ6 ቋንቋዎች በተደረገው የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ሳይችል 4ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ትምህርት በላዩ ላይ ያልፋል።

ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያለው ድርጅት ምክር ቢጠይቀን፣ መልሳችን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፈ የተረት መጽሐፍ ነው። ከውጭ በኮንቴነር የሚመጣው ያገለገለ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለዚህ ዕድሜ ምንም አይፈይድም፤ መደርደሪያ ይሞላል እንጂ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሐዋሳ የጀመሩት፣ በአህያ የሚሳብ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያሳየው ነገር ቀላል ነበር፦ መጽሐፉ ልጁ ያለበት ድረስ ከሄደ ልጁ ያነባል። ሕንፃ ሳይጠበቅ።

ሲታተም ጥራዙ በሙጫ ብቻ ከሆነ ሰላሳ ልጅ እጅ ሲገባ ገጹ ይረግፋል፤ ቀጭን ከሆነ በሽቦ፣ ወፍራም ከሆነ በክር የተሰፋ ይሁን። የመማሪያ መጽሐፍ ለማሳተም ያሰበ ደግሞ ከክልሉ ትምህርት ቢሮ ፈቃድ ሳይዝ አይጀምር፤ የባለቤትነት ጉዳይ አለው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ሶፍት ኮፒው ከታተመው ቀድሞ የደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ስለነበሩ፣ እዚህ ላይ ያለው ክፍተት እውነተኛ ነው።

ወደ ሞዴል 22 እንመለስ። ለተረት መጽሐፍ መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግሮ መጽሐፎቹ በቋሚ ንብረት ሳይሆን በአላቂ ዕቃ እንዲመዘገቡ አስቀድሞ መስማማት። ደብተርና ጠመኔ እንደሚያልቅ መጽሐፍም በንባብ ያልቃል። መምህሩ እንደማይከፍል ሲያውቅ ሣጥኑን ይከፍታል።

ኮምፒውተር የግድ ከሆነ

መብራት በሌለበት ገጠር በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የኮምፒውተር ክፍል ሲታሰብ ከኮምፒውተሩ በፊት የሚቆጠረው ዋት ነው። አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 150 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ላፕቶፕ 40 ገደማ። ሃያ ዴስክቶፕ በቀን 4 ሰዓት ሲሠራ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ሃያ ላፕቶፕ ደግሞ 3.2 ይፈልጋል። የሚባክነው ታስቦ ለዴስክቶፑ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ሶላር፣ ለላፕቶፑ 1 ኪሎ ዋት ያህል ማለት ነው። «ዴስክቶፑን በነፃ አግኝተነዋል» የሚል ድርጅት ልዩነቱን በፓነልና በባትሪ ይከፍለዋል። ባትሪው የአሲድ ዓይነት ከሆነ በሦስትና በአምስት ዓመት መካከል ይሞታል፤ የሚተካበት ገንዘብ ከአሁኑ ካልተቀመጠ የክፍሉ ዕድሜ የባትሪው ዕድሜ ነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ይዘቱ አስቀድሞ በአንድ አነስተኛ ሰርቨር ላይ ተጭኖ በክፍሉ ውስጥ በዋይፋይ የሚከፈት ይሁን፤ ኮሊብሪ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የተሠራው ለዚሁ ነው።

መምህሩ የሚያድርበት ቤት

ብዙ ድርጅት ያላስተዋለው፣ እኛ ግን ከኮምፒውተር ክፍል የምናስቀድመው ነገር የመምህራን መኖሪያ ነው። ገጠር ውስጥ ኪራይ ቤት የለም ወይም ያለው በረት አጠገብ ነው። መምህሩ ቤተሰቡን ወረዳ ከተማ ያስቀምጣል፤ ዓርብ ከሰዓት ይሄዳል፣ ሰኞ እኩለ ቀን ይመለሳል፤ ደመወዝ ለመቀበል ደግሞ አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት የትምህርት ቀን የነበረው ወደ አራት ይወርዳል። አራት ክፍል ያለው፣ የየራሱ ማብሰያና የጋራ መጸዳጃ ያለው፣ ለመብራትና ለስልክ የሚበቃ ሶላር ያለው ቤት ይህንን አንድ ቀን ይመልሳል። ቤቱ የሚሰጠው በዚያ ትምህርት ቤት ለተመደበ መምህር ብቻ መሆኑ፣ ሲዛወር በስንት ቀን እንደሚለቅ፣ በወተመህ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ካልተጻፈ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንዱ ክፍል የቀበሌ ቢሮ ሆኖ ይገኛል።

ለመምህራን ሥልጠና የሚሰጥ ገንዘብ ብዙ ጊዜ በአበል ያልቃል። በወረዳ ከተማ ሆቴል የሦስት ቀን ሥልጠና ከማዘጋጀት፣ በጉድኝት ማዕከሉ ያለውን የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ማጠናከር ይሻላል። በአንድ ማዕከል ዙሪያ በርከት ያሉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ እዚያ የተቀመጠ አንድ ማባዣ ማሽን፣ በየትምህርት ቤቱ የሚዞር አንድ የሳይንስ መሣሪያ ሣጥን፣ ሁሉንም ያዳርሳል።

ደብተርና ምሳ በአጭሩ

ደብተር መስጠት ይጠቅማል፤ ግን በጳጉሜን ወይም በመስከረም መጀመሪያ ይድረስ። በታኅሣሥ የሚመጣ ደብተር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ የቸገረው ልጅ ያኔ ከትምህርት ቤት ወጥቷል። የቢራ ፋብሪካ ዓርማ የተለጠፈበት የልጅ ቦርሳ ደግሞ ባይሰጥ ይሻላል። ምሳ ከሁሉም ይበልጥ ልጅን ክፍል ውስጥ ያቆያል፤ ቀጣይ ወጪው ግን ከሁሉም ይበልጣል። የሁለት ዓመት በጀት ሳይዝ የተጀመረ ምገባ በቆመ ሳምንት ልጆቹ ይቀንሳሉ። እህሉ ከአካባቢው ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢገዛ፣ የማገዶና የውኃ ነገር ከወላጆች ጋር አስቀድሞ ቢታሰብ፣ ይቆያል።

ውልና ግብር

የመግባቢያ ሰነዱን አራት ወገን ይፈርመው፦ ድርጅቱ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወተመህ እና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ውስጡ ሊገባ የሚገባው ዋናው አንቀጽ የጥገናው ነው። ከእያንዳንዱ 100 ብር 15ቱን ለቀጣይ ሦስት ዓመት ጥገና ማስቀመጥን እንመክራለን፤ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ፣ ርእሰ መምህሩና የወተመህ ሰብሳቢ በጣምራ እየፈረሙ የሚያወጡት። የ100 ብር ሕንፃ ሰጥቶ ከመሄድ የ85 ብር ሕንፃና 15 ብር መስጠት ሕንፃውን ያቆየዋል። ፎቶ ሲነሳ የልጆች ፊትና ስም በወላጅ ፈቃድ ብቻ እንደሚወጣም ይጻፍ።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ይፈቅዳል። ለምሳሌ ግብር የሚከፈልበት ገቢው 8 ሚሊዮን ብር የሆነ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እስከ 800 ሺህ ብር ድረስ ሊያስይዝ ይችላል። በ30 በመቶ የግብር ምጣኔ ሲሰላ 240 ሺህ ብር ግብር ይቀርለታል፤ ስጦታው ከኪሱ የወሰደው 560 ሺህ ነው። አንድ ሚሊዮን ቢሰጥ ትርፉ 200 ሺህ አይያዝለትም። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ተቀባዩ ሕጉ የሚያውቀው መሆን አለበት፤ በቀጥታ ለአንድ ትምህርት ቤት በእጅ የተሰጠ ነገር በኦዲት ጊዜ ሊወድቅ ስለሚችል፣ ከመስጠት በፊት የግብር ጽሕፈት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን ከሰነዱ ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ የሒሳብ ባለሙያው የሚሠራበት ቅጂ የተሻሻለው ይሁን። በዓይነት ሲሰጥ የግዥ ደረሰኙና የትምህርት ቤቱ ሞዴል 19 ቅጂ አብረው ይቀመጡ።

ሁለተኛው ርክክብ

በግንባታ ሥራ ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ የሚባል ነገር አለ። ሕንፃው ሲያልቅ በጊዜያዊነት ይወሰዳል፤ ከክፍያው 5 በመቶ ያህል ይያዛል፤ ዓመት ቆይቶ፣ ክረምት አልፎበት፣ ስንጥቁም ፍሳሹም ከታየ በኋላ ኮንትራክተሩ አስተካክሎ ቀሪውን ይወስዳል። ይህ አሠራር ለሕንፃ ብቻ መቅረት የለበትም። ለመጽሐፉም፣ ለፓምፑም፣ ለሶላሩም ሁለት ርክክብ ይኑር።

የመጨረሻው ርክክብ ሳይነገር፣ በተራ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይሁን። የሚታየው ጥቂት ነገር ነው። የመጽሐፍ ውሰት መዝገቡ ላይ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? መጽሐፎቹ ዳራቸው ቆሽሿል ወይስ አሁንም ያብረቀርቃሉ? ፓምፑ ስንት ጊዜ ሲገፋ ውኃ ይሰጣል? የሴቶቹ መጸዳጃ ከውስጥ ይቀረቀራል? የጥገናው ሒሳብ ደብተር ላይ ምን ወጣ፣ በማን ፊርማ? ከዚያ አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ ተጠርቶ ከተረት መጽሐፉ አንድ ገጽ ያንብብ።